ጸሐፊ ክረምቱን እንዴት ይረፍ? ከጎንደር የቀረበ መመሪያ

በጎንደር ከተማ እያስተማረ ወይም በመሥሪያ ቤት እያገለገለ በትርፍ ጊዜው ለሚጽፍ ሰው፣ የዓመቱ ሰፊ ጊዜ የሚገኘው ፈተና ታርሞ ውጤት ከተመዘገበ በኋላ፣ ከሰኔ መጨረሻ አንሥቶ ዘመን እስኪለወጥ ባሉት ሳምንታት ነው። በእነዚህ ሳምንታት ብዙዎቻችን የምንይዘው ዕቅድ ተመሳሳይ ነው፤ በጋውን ሙሉ ሲጓተት የቆየውን ልቦለድ ወይም የግጥም ስብስብ ክረምቱ ሳይወጣ መጨረስ። እኔም ሦስት ክረምት ይህንኑ ዕቅድ ይዤ ተቀምጫለሁ። በሦስተኛው ክረምት ከሐምሌ 1 ጀምሮ ጠዋትም ማታም ከጠረጴዛው ሳልርቅ ጽፌ 200 ገጽ ያህል ሞላሁ። መስከረም ላይ ረጋ ብዬ ሳነበው ግን ላቆየው የፈለግሁት አንድ ምዕራፍ ብቻ ሆነ፤ እርሱም የተጻፈው ነሐሴ አጋማሽ ላይ በሰፈራችን መብራት ጠፍቶ ለአራት ቀን ያህል ሥራውን ከተውኩና ከልጆቼ ጋር ምድጃ ከብቤ የበቆሎ እሸት ስጠብስ ከሰነበትኩ በኋላ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ባሉት ክረምቶች የሞከርኩትንና የጠቀመኝን ነው እዚህ የማቀርበው። ጸሐፊ በክረምት ማረፍ አለበት፤ ዕረፍቱም እንደ ጽሑፉ ሁሉ ዕቅድ፣ ሰዓትና ቦታ ሊሰጠው ይገባል ብዬ በጽኑ አምናለሁ። ያልታቀደ ዕረፍት በስልክና በወሬ ያልቃል፤ ጸሐፊውም መስከረም ላይ ሳያርፍም ሳይጽፍም ከርሞ ይገኛል።

ቆጠራ የወጣው ተማሪ

ሥራን ለጊዜው መተው ለፈጠራ የሚጠቅምበትን ምክንያት ለመረዳት ቅኔ ቤትን ማየት ይበቃል። የቅኔ ተማሪ ከመምህሩ መንገዱንና ምሳሌውን ከተቀበለ በኋላ ደበሎውን ለብሶ ወደ ዛፍ ጥላ ወይም ወደ ወንዝ ዳር ብቻውን ይወጣል፤ ይህም ቆጠራ ይባላል። በሩቅ ለሚያየው ሰው ሥራ ፈትቶ ያንቀላፋ ይመስላል፤ ራሱን ተከናንቦ፣ ጉልበቱን አቅፎ፣ አንዳንዴም ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ረጅም ሰዓት ይቀመጣል። ከቆጠራ ሲመለስ ግን ያዘጋጀውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርምለታል። ጀማሪው ሁለት ቤት ባላት በጉባኤ ቃና ይጀምርና ደረጃ በደረጃ እየወጣ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይደርሳል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ለዛሬ ጸሐፊ ትልቅ ትምህርት አለ። ተማሪው ወደ ጥላው ሲሄድ ባዶውን አይሄድም፤ የሚያብሰለስለው ነገር ይዞ ይሄዳል። ሲመለስም የሚጠብቀው ሰሚ አለ። ጸጥታው ፍሬ የሚያፈራው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ስለተቀመጠ ነው። እንግሊዛዊው ምሁር ግራሃም ዋላስ በ1926 እ.ኤ.አ. የፈጠራን ሂደት በአራት ደረጃዎች ሲከፍል፣ ከዝግጅት ቀጥሎ ያለውን ደረጃ የሰየመው ዶሮ ዕንቁላሏን በምትታቀፍበት ቃል ነው፤ ሐሳቡ ባለቤቱ ሌላ ነገር እየሠራ ሳለ በውስጥ የሚበስልበት ጊዜ ነው። ዶሮዋ ግን ያልጣለችውን ዕንቁላል አትታቀፍም። ስለዚህ ወደ ዕረፍት ከመግባትዎ በፊት አንድ ጥያቄ፣ ከዕረፍት ሲወጡ ደግሞ አንድ ሰሚ ያዘጋጁ፤ ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ በእነዚህ ላይ የቆመ ነው።

ከሰኔ 26 እስከ ሐምሌ 18፦ ዘርና ደመና

በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዘመነ ክረምት የሚባለው ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለው ጊዜ ሲሆን፣ አባቶች ይህን ዘመን ከፋፍለው ለየክፍሉ ስም ሰጥተውታል። እኔ የዕረፍቴን ዕቅድ የማወጣው በዚህ አከፋፈል ነው፤ ምክንያቱም ከደጃችን ካለው ሰማይና መሬት ጋር ይስማማል። የመጀመሪያው ክፍል፣ እስከ ሐምሌ 18 ያለው፣ የዘርና የደመና ጊዜ ነው። ክረምት ለገበሬው የዕረፍት ወቅት እንዳልሆነ መዘንጋት አይገባም፤ ያርሳል፣ ይዘራል፣ ያርማል። ነገር ግን ዘሩን አፈር ካለበሰው በኋላ በቀለ አልበቀለ እያለ በየቀኑ አይቆፍረውም። ጸሐፊም በዚህ ክፍል ማድረግ ያለበት ይህንኑ ነው፤ መዝራትና መተው።

አፈጻጸሙ እንዲህ ነው። በሰኔ የመጨረሻ ሳምንት በእጅዎ ያለውን ረቂቅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ጊዜ ብቻ ያንብቡ። በንባቡ ጊዜ ብዕር አይያዙ፤ እርማት ከጀመሩ ዕረፍቱ ቀረ ማለት ነው። አንብበው ሲጨርሱ ሥራው የቆመበትን ምክንያት በአንድ ጥያቄ መልክ በቁራጭ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ጥያቄው «ይህ ልቦለድ ምን ጎደለው?» የሚል ሰፊ ጥያቄ መሆን የለበትም፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ አእምሮ መልስ አያመጣም። «እናትየዋ ደብዳቤውን ለአሥር ዓመት የደበቀችው ማንን ፈርታ ነው?» እንደሚለው ያለ፣ ሰውና ነገር ያለበት ጥያቄ ይሁን። ከዚያ በኋላ ረቂቁን በክር አስረው ሣጥን ውስጥ ይቆልፉበት፤ ወይም ለሚያምኑት ሰው አደራ ይስጡት። በኮምፒውተር ላይ ያለ ከሆነ በፍላሽ ገልብጠው ከማሽኑ ላይ ያጥፉት፤ ፍላሹን ግን ሁለት ያድርጉት፤ ፍላሽ ይበላሻልና።

እስከ ሐምሌ 18 ድረስ የሚጽፉት በኪስ በምትያዝ ትንሽ ማስታወሻ ላይ ብቻ ነው። ማስታወሻዋ ሕግ አላት፤ ዓይን ያየውንና ጆሮ የሰማውን እንጂ የራስን ስሜትና አስተያየት አትቀበልም። ቀንና ቦታ ይጻፋል፤ ከአንድ ወይም ከሁለት ዓረፍተ ነገር አይበልጥም። ከራሴ ማስታወሻ ሁለቱን ልጥቀስ። «ሐምሌ 9፣ ፒያሳ። ሊስትሮው ዝናቡ ድንገት ሲወርድ ላስቲኩን የደረበው በራሱ ላይ ሳይሆን በቀለሙ ሣጥን ላይ ነው።» «ሐምሌ 14፣ አራዳ ገበያ። ጎመን ሻጯ መልስ ስትሰጠኝ ብሩ እንዳይረጥብ እጇን መጀመሪያ በነጠላዋ ጫፍ አደረቀች።» እነዚህ ሁለት መስመሮች ሲጻፉ ለምን እንደሚጠቅሙኝ አላውቅም ነበር። የሊስትሮው ሣጥን ከሁለት ወር በኋላ በአንድ አጭር ልቦለዴ ውስጥ ስለ አንድ አባት ሦስት ገጽ ሙሉ መናገር ያቃተኝን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ፈታልኝ።

በእነዚህ ሦስት ሳምንታት በሚገባ ይተኙ። በፈተና ወረቀት እርማት የደከመ ዓይንና ጀርባ ሳያገግም የሚጻፍ ነገር ድካሙን ይዞ ይወጣል። የጽሑፍ ፍላጎት ቢመጣም ይታገሱት፤ በአሥረኛው ወይም በአሥራ ሁለተኛው ቀን ገደማ እጅን የሚያሳክክ ጉጉት መምጣቱ አይቀርም፣ እርሱን ሳይነኩ ጥቂት ቀን ማቆየት ለቀጣዩ ክፍል ትልቅ ጉልበት ይሆናል።

ዕረፍቱ ይህን ያህል የማይረዝምለት ሰው ብዙ መሆኑን አውቃለሁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚተዳደር ሠራተኛ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የሚያገኘው 16 የሥራ ቀናት የዓመት ዕረፍት ነው፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርለታል። ሠራተኛው ጠይቆ አሠሪው ከተስማማ ዕረፍቱን ለሁለት ከፍሎ መውሰድ ስለሚቻል፣ ለጸሐፊ የምመክረው የመጀመሪያውን አጋማሽ በሐምሌ መባቻ ለፍጹም ዕረፍት፣ ሁለተኛውን በጳጉሜን ዋዜማ ለንባብ እንዲያደርገው ነው።

ከሐምሌ 19 እስከ ነሐሴ 9፦ መብረቅ፣ ነጎድጓድና ወንዞች

በዚህ ክፍል በቀን አንድ ሰዓት ይጻፋል፤ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። በጎንደር ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠነክረው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ማለዳው የጸሐፊ ነው። ረቂቁ ግን ገና እንደተቆለፈ ይቆይ። የሚጻፈው ከማስታወሻዋ አንድ መስመር ተመዝዞ አንድ ገጽ የምትሞላ ትዕይንት ወይም፣ ገጣሚ ከሆኑ፣ የቅኔ ተማሪው በጉባኤ ቃና እንደሚጀምረው፣ ሁለት ስንኝ ነው። ሰዓቱ ሲሞላ ዓረፍተ ነገሩ ባያልቅም ብዕሩን ያስቀምጡ። ያላለቀ ዓረፍተ ነገር ቀኑን ሙሉ በልብ ውስጥ ሲሠራ ይውላል፤ በማግሥቱም በባዶ ገጽ ፊት ከመደንገጥ ያድናል።

ቀሪው ጊዜ ለእግር ነው። ጎንደር ራሷ ከመክረም ልማድ የተወለደች ከተማ ናት ማለት ይቻላል። ከእርሷ በፊት የነበሩት ነገሥታት በበጋ በድንኳን ሠፈር ከቦታ ቦታ ይዘዋወሩ ነበር፤ ወንዞች ሲሞሉና መንገዱ ሲጨቀይ ግን በአንድ ቦታ መክረም ግድ ስለነበረ በጣና ዙሪያ ያሉት እንፍራዝ፣ ጎርጎራና ደንቀዝ በየተራ የንጉሥ መቀመጫ ሆነዋል። አፄ ፋሲል በ1636 እ.ኤ.አ. ጎንደርን ሲቆረቁሩ ያ የክረምት ማረፊያ በድንጋይና በኖራ ጸና። ክረምት፣ ከረመ፣ እንዴት ከረሙ የሚሉት ቃሎቻችን ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው፤ አንድ ቦታ ረግቶ መቆየት በቋንቋችን ውስጥ ይህን ያህል ሥር የሰደደ ነገር ነው።

ወደ ቁስቋም የሚወስደውን ዳገት በማለዳ ቢወጡት እመክራለሁ። ደብረ ፀሐይ ቁስቋም እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሯት ስትሆን፣ ከቤተ ክርስቲያኗ አጠገብ የቤተ መንግሥታቸው ፍራሽ አለ። በሐምሌ ማለዳ ከተማዋ ከታች በጉም ተሸፍና ድምፅ ብቻ ወደ ላይ ይመጣል፤ የደወል፣ የባጃጅ፣ የዶሮ። ዓይን የሚያየው ሲያጣ ጆሮ ይከፈታልና፣ ንግግር መጻፍ ለሚቸግረው ጸሐፊ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ደግሞ ለሌላ ዓይነት ቀን ትሆናለች። በጣሪያዋ ላይ ከመቶ በላይ የሚሆኑ የመላእክት ፊቶች ተሥለዋል፤ ባለ ክንፉ ፊት ሁሉ በመጀመሪያ እይታ አንድ ይመስላል። አንዱን ረድፍ ብቻ መርጠው ቅንድቡንና የዓይኑን አቅጣጫ አንድ በአንድ ያስተውሉ፤ ሠዓሊው ተመሳሳይ ነገር ሲደጋግም እንዴት እንዳልሰለቸ ማየት፣ ገጸ ባሕርያቱ ሁሉ አንድ ድምፅ ያላቸውን ጸሐፊ ብዙ ያስተምረዋል።

ዩኔስኮ በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት በመዘገበው በፋሲል ግቢ ውስጥ ደግሞ ብዙ ጎብኚ ፈጥኖ የሚያልፈው አንድ ሕንፃ አለ፤ የአፄ ፋሲል ልጅ ጻድቁ ዮሐንስ ያሠሩት ቤተ መጻሕፍት ነው። ከታላቁ ግንብ አንጻር ሲታይ ትንሽ ነው። አንድ ንጉሥ ከአዳራሽና ከግምጃ ቤት ጎን ለመጻሕፍት ብቻ የሚሆን ቤት በድንጋይ ማቆሙን እያሰብኩ በደጁ መቀመጥ ሁልጊዜ ያበረታኛል። የፋሲል መዋኛም በክረምት መታየት አለበት። ለጥምቀት በውኃ የሚሞላው ገንዳ በዚህ ወቅት ሕዝብ የለበትም፤ በዙሪያው ያሉት ዛፎች ግን ሥሮቻቸውን በግንቡ ድንጋይ ላይ እንደ ጣት ዘርግተው ጨብጠውት ይታያሉ፤ ዝናቡም በሥሮቹ መካከል እየተንጠባጠበ ይወርዳል። ከከተማ ወጥቶ ወደ ጎርጎራ ወይም ወደ ደባርቅ መሄድ መልካም ቢሆንም የመንገዱን ሁኔታ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል፤ ካልተመቸም በሰፈርዎ ያለው ወንዝ ይበቃል። ቀሃ ወይም አንገረብ ከዝናብ በኋላ ሲሞላ ቀለሙና ድምፁ በየሰዓቱ ይለዋወጣል።

ስለ ቤት፣ ስለ ወረቀትና ስለ ስልክ

ልጆች ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቤት ይውላሉ፤ ዝናቡም ቤተሰቡን ሁሉ በአንድ ክፍል ይሰበስባል። ስለዚህ ያቺን የማለዳ ሰዓት ከቤተሰብ ጋር ተነጋግሮ ማስከበር ያስፈልጋል። ይህን ስጽፍ በተለይ የማስባቸው ሴቶች ጸሐፊዎችን ነው። ባልየው ሲያርፍ ሚስትየዋ በርበሬ የምታዘጋጅበት፣ እርጥብ እንጨት እያነደደች የምትጋግርበት ክረምት ለእርሷ ዕረፍት ሊባል አይችልም። በቤቱ ውስጥ አንዲት ጸሐፊት ካለች፣ በዚያች ሰዓት እሳቱንም ልጆቹንም የሚይዝ ሌላ ሰው መኖር አለበት፤ ይህም እንደ ውለታ ሳይሆን እንደ ድርሻ ሊቆጠር ይገባል። ከለቅሶ፣ ከማኅበርና ከዕድር ግን በጽሑፍ ምክንያት መቅረትን አልመክርም፤ ሰው የሚያለቅስበትንና የሚያጽናናበትን ቃል ያልሰማ ጸሐፊ ምን ይጽፋል?

ወረቀት በክረምት ይሻግታል። ደብተሮችን ከጭቃ ግድግዳ አርቀው፣ በፌስታል ጠቅልለው ከመሬት ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ ያኑሩ፤ ፀሐይ በወጣ ቁጥርም አውጥተው ያናፍሷቸው። ለኪስ ማስታወሻ እርሳስ ከብዕር ይሻላል፤ የብዕር ቀለም ዝናብ ሲነካው ይፈሳል። መብራት ስለሚጠፋ ሻማ ወይም ፋኖስ በቅርብ ይኑር፤ ሆኖም የጽሑፍ ሰዓትዎ ማለዳ ከሆነ ብዙም አያስፈልግዎትም።

ስልክን በተመለከተ፣ ዳታውን በቀን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ማታ ላይ ይክፈቱ። ከዚህም በላይ የማሳስበው፣ በክረምቱ የጻፉትን ትዕይንትም ሆነ ስንኝ እስከ ጳጉሜን ድረስ በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም እንዳይለጥፉ ነው። ገና ያልበሰለ ነገር አንዴ ከተወደሰ ጸሐፊው እንደተወደሰው ትቶት ያልፋል፣ ከተነቀፈም ይጥለዋል፤ በሁለቱም መንገድ ሥራው ሳያድግ ይቀራል።

ከነሐሴ 10 እስከ 27፦ የመስማት ጊዜ

ይህ ክፍል ዕጓለ ቋዓት፣ ደሰያትና ዓይነ ኵሉ ይባላል፤ የቁራ ጫጩቶችም ሳይቀሩ ምግባቸውን ከፈጣሪ የሚጠብቁበት፣ የሁሉ ዓይን በተስፋ ወደ እርሱ የሚመለከትበት ማለት ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ያለውን የፍልሰታን ጾም የሚጾም ጸሐፊ፣ ሱባኤ የያዘ ከሆነ፣ ያችን አንድ ሰዓትም ትቶ በጸሎትና በንባብ ቢቆይ መልካም ነው። የማይጾመውም ቢሆን ከተማዋ ረጋ ስትል አብሮ መርጋት ይችላል።

በቡሄ ዋዜማ ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ ወደ ደጅዎ ሲመጡ፣ ሙልሙሉን ሰጥተው ቶሎ አይሸኟቸው። አውራጁ ልጅ የቤቱን ባለቤት ስም፣ የበሩን ቀለም፣ የተሰጠውን ዳቦ መጠን እያየ በነባሩ ዜማ ውስጥ አዲስ ስንኝ ሲያስገባ ያዳምጡ፤ ቤት የሚመታለትን ቃል አስቀድሞ ይይዝና መንገዱን ወደ እርሱ ያዞራል። ገጣሚ በጠረጴዛ ላይ ለሰዓታት የሚታገልበትን ነገር የአሥር ዓመት ልጅ ጅራፍ በእጁ ይዞ በቆመበት ሲያደርገው ማየት የቋንቋውን ጉልበት ያሳያል። የሰሙትን ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ይጻፉት።

የነሐሴ ማብቂያና ጳጉሜን፦ ጎህና ብርሃን

አሁን ሣጥኑ ይከፈታል። በመጀመሪያ የሚወጣው ግን ረቂቁ ሳይሆን ሰኔ ላይ ጥያቄው የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ነው። ረቂቁን ሳያዩ ለጥያቄው መልስ ይጻፉ፤ አንድ ገጽ ይበቃል። በእኔ ልምድ ከአምስት ጥያቄ አራቱ በዚህ ጊዜ መልስ አላቸው፤ መልሱም ብዙውን ጊዜ በሐምሌ ማስታወሻ ውስጥ ሳይታወቅ ተቀምጦ ይገኛል። መልስ ያላገኘው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ የተሳሳተ ነበር፤ እናትየዋ ደብዳቤውን ለምን እንደደበቀች እየተጠየቀ ሳለ፣ ደብዳቤው ጨርሶ ከታሪኩ መውጣት የነበረበት ይሆናል።

ቀጥሎ ረቂቁን አውጥተው ያንብቡ፤ በዚህ ጊዜ በእርሳስ ኅዳጉ ላይ ምልክት ማድረግ ይፈቀዳል። ከዚያም በጳጉሜን አምስት ቀናት፣ በየአራት ዓመቱ በሚመጣው ስድስተኛ ቀንም ጭምር፣ ለመረጡት ሰሚ ያንብቡለት። ሰሚው አንድ ሰው ይሁን፤ ቀኑንም ከሰኔ ጀምሮ ያሳውቁት። ጸሐፊ መሆን የለበትም፤ በጆሮው የሚታመን፣ ለማስደሰት ብሎ የማይናገር ሰው ይበልጣል። ረቂቁን እንዲወስደው አይስጡት፤ ድምፅዎን ከፍ አድርገው እርስዎ ያንብቡ፣ እርሱ ቡናውን እየጠጣ ይስማ። በሚያነቡበት ጊዜ ፊቱን ይመልከቱ፤ ሲኒውን ያስቀመጠበትን፣ ወደ መስኮቱ ዞር ያለበትን፣ መቀመጫውን ያስተካከለበትን ቦታ በኅዳጉ ላይ በነጥብ ምልክት ያድርጉ። ሲጨርሱ «ምን አሰብክ?» ብለው አይጠይቁት፤ ታሪኩን በራሱ ቃል መልሶ እንዲነግርዎ ይለምኑት። ሲነግርዎ የዘለለው ክፍል ያልደረሰው ክፍል ነው።

እርማቱን በዚያው ሳምንት አይጀምሩ። የዘመን መለወጫው በዓል ከቤተሰብ ጋር ይዋል፤ ከመስከረም 2 ጀምሮ ትምህርት ቤት ሲከፈትም የምትቀጥለውን የማለዳ ሰዓት በቀን መቁጠሪያው ላይ ያስምሩ። ጳጉሜን ከማለቁ በፊት የሚቀር አንድ ሥራ አለ፤ ነጥብ ከበዛበት ገጽ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር በአዲስ ወረቀት ላይ እንደገና ይጀምሩትና ከመሃሉ ላይ ትተውት ይነሡ።